ልጃቸውን ለክሪኬት ጉዞ የሸኙት የአቶ ታዴዎስ ወልደየሱስ ታሪክ

ይርጋለም ከተማ ውስጥ በ1953 ዓ.ም. ለአቶ ወልደየሱስ ባስልዮስ እና ለወይዘሮ አፀደ ፍሥሐ አራተኛ ልጅ ሆነው የተወለዱት አቶ ታዴዎስ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው አጠናቅቀው አዋሳ በመኪና ጥገና ሠለጠኑ። በ1981 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ተሰደው ናይሮቢ ገቡ። እዚያም «ካናዳ እልካችኋለሁ» ያለ ደላላ የእሳቸውንና የባልንጀራቸውን የሲሞንን የስደተኛ ወረቀት ሰብስቦ ጠፋ። ሲሞን ያለ ወረቀት በፖሊስ ተይዞ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ታዴዎስ ወረቀታቸውን በሰው እጅ ጥለው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከወይዘሮ ህብረት አንድርያስ ጋር በዚያው በናይሮቢ ተጋቡ። በ1998 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ ገብተው ቢሩክንና ሲናን ወለዱ። መጀመሪያ በመጋዘን፣ ኋላም ሞርስ ሮድ ላይ በከፈቱት ጋራዥ ሠሩ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ ቀድሞ እሳቸውን ይጠራ ነበር። የማይል ቆጣሪውን አያምኑም፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ምን ያህል እንዳለቀ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው «ይህ መኪና ዋሽቷል» ይላሉ። ጥርጣሬያቸው ብዙዎቻችንን ከኪሳራ አድኗል። ቤት ውስጥ ግን ይከብድ ነበር፤ ጎረቤት እንኳ በር ላይ ሦስት ጥያቄ ሳይመልስ አይገባም።

ሲና ዌስተርቪል ስትማር ከህንዳውያን ጓደኞቿ የክሪኬትን ጨዋታ ለመደች፤ በዚህ ዓመትም ለአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። ቡድኑ ከኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር አምስት ግጥሚያ ለማድረግ ናይሮቢ እንደሚሄድ፣ የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ወጪ እንደተሸፈነ የሚገልጽና ፓስፖርቷ እንዲላክ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። አቶ ታዴዎስ አንብበው ፓስፖርቱን ቆለፉበት። ናይሮቢ፣ በነፃ፣ ወረቀት ላኩ፤ ይህን አነጋገር ያውቁታል። አፐር አርሊንግተን ሰፈር አሠልጣኟ ቤት ድረስ ሄደው ዋስ እንድትጠራ ጠየቋት። «እኔው ዋስ እሆናለሁ» ብትላቸው፣ «ለራሱ ዋስ የሚሆን ሌባ ብቻ ነው» ብለው ተመለሱ።

ሲና ሁለት ሳምንት አኮረፈች። በመጨረሻ፣ «ዳዲ፣ አንተ ትረስት የማታደርገው ኮቿን አይደለም፤ እኔን ነው» አለቻቸው። በማግስቱ ፓስፖርቱን ለአሠልጣኟ ሳይሆን ለልጃቸው በእጇ ሰጧት።

በሄደች በስድስተኛው ቀን አቶ ታዴዎስ ጋራዣቸው ውስጥ ወደቁ። ልባቸው እንደደከመና ጊዜው አጭር እንደሆነ ሲነገራቸው ሁለት ሌሎች ሐኪሞች አስጠየቁ፤ መልሱ አንድ ሆነ። ወይዘሮ ህብረት «ልጅቷ ትጠራ» ብለው አለቀሱ። እሳቸው ግን «ጨርሳ ትምጣ» ብለው ቤተሰቡን ገዘቱ።

ከሦስተኛው ግጥሚያ በኋላ ሲና ደወለች። የእናቷን ድምፅ ጠርጥራ «ዳዲን አቅርቡልኝ» አለች። አቶ ታዴዎስ የኦክስጅኑን ጭምብል አውልቀው ስልኩን ያዙና፣ «እኔ ደህና ነኝ። የኬንያዋ ካፒቴን ለዕጣው ሳንቲም ስትወረውር በቪዲዮ አይቻታለሁ፣ እጇ አላማረኝም፤ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ» አሏት። ሲና ስቃ ዘጋች። እንዲህ የሚጠረጥር አባት አልታመመም ብላ ነው።

ጁን 14 ቀን 2025፣ በአራተኛው ግጥሚያ ዕለት፣ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሲና መርዶውን የሰማችው አምስቱንም ተጫውታ ቤቷ ስትገባ ነው። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው «ማን ደበቀብኝ?» ብላ ብቻ ነው፤ ዓይኗም ከእናቷ አልተነሣም። ስለዚህ እውነቱ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነገር፦ እናቷ ሁለት ጊዜ ሊደውሉላት ስልክ አንሥተው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን ያስጣሏቸው አባቷ ናቸው። አቶ ታዴዎስን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሲዋሹ ሰማናቸው፤ ያመነቻቸውም እሷ ናት።

አቶ ታዴዎስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ህብረትን፣ ልጆቻቸውን ቢሩክንና ሲናን፣ ይርጋለም ያሉ ሁለት እህቶቻቸውንም ትተው ሄደዋል። ልብን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ እናትና ልጅንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያጽናናልን። አሜን።