የሌንሳ አማቶች ማዕድ

ይድረስ ለጌጤ፣ ለሚስቴ።

ሙት ዓመትሽን አውጥተን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት ሆኖ አመመኝ ብሎ የላከ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህር በቀለ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። ሳልቆጥርም ከመቂ አዲስ አበባ ድረስ ሽንኩርት ስጭን ኖሬያለሁ። የምለውን ብቻ ጻፍ፣ አታሳምርብኝ ብዬዋለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ፓፓያዋን ነፋስ ጣላት። ሰርቪሱን ለሁለት ነርሶች አከራየሁት፤ ሥርዓት ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ወጣቸው ግን ጨው የለውም። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል። አቧራው እንዳይነሳ ጠዋት ጠዋት ውሃ ትረጪ ነበር፤ አሁን የሚረጭም የለም፣ የሚነሳም አቧራ የለም። ደራ ያሉት እህቶችሽ ጤና ናቸው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሌንሳ ዘንድ ሄጄ መጣሁ። ልጃችን ሩይ ከሚባል ፈረንጅ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን ስትለን፣ ሽማግሌ ያልላከ ቤተሰብ ዘመድ አይሆነኝም ብዬ ምርቃቴን ከለከልኳት። አንቺ ደግሞ አልጋ ላይ ሆነሽ፣ ሂድና ከቤታቸው በልተህ እያቸው፣ ከዚያ መመረቅም መተውም ያንተ ነው አልሽኝ። እሺ ብዬሽ ነበር። የሄድኩት ለቃሌ ነው እንጂ አገር ማየት አምሮኝ አይደለም።

አገሩ ፖርቱጋል ይባላል። ባሕሩ ከቤታቸው ደጃፍ ይጀምራል፣ ማዶ የለውም። የዝዋይን ሐይቅ ያየ ሰው ውሃ አይደንቀውም እል ነበር፤ ይኼኛው ግን እንደ በሬ ያጓራል። የሩይ አባት ማኑኤል ይባላል። ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እኔ አማኑኤል እያልኩ ጠራሁት፣ እሱም ዞር እያለ ያየኛል፤ ተግባባን።

የመጀመሪያው ቀን እግሩ የበዛ የባሕር አውሬ ከድስት አወጡ። ቅርፊት የለው፣ ክንፍ የለው። ቅርፊት የለሹ የኛው ዓሣ አምባዛ እንኳ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ይኼን አልበላም አልኩ። የማኑኤል ሚስት ሮዛ ፊቷን ሳታጠቁር ሳህኑን አነሳችና እንቁላል ጠበሰችልኝ። ይህን ያዝኩላት።

በማግስቱ ሰርዲን አመጡ። እኛ በቆርቆሮ የምናውቀው ያው ዓሣ፣ እዚያ ከመዳፌ ይረዝማል። ደረቅ ጨው ነስንሰው ከነጭንቅላቱ ከሰል ላይ ይጠብሱታል። ከዚያ ወፍራም የበቆሎ ዳቦ ላይ ያጋድሙታል፤ ስቡ ወደ ዳቦው ይወርዳል። ዳቦው መጨረሻ ላይ ይበላል፣ እኛ ከወጥ ሥር የራሰውን እንጀራ እንደምንሻማው። አንድ ጊዜ ዝዋይ ላይ መኪናው ተበላሽቶብን ቆሮሶ ዓሣ ስንበላ፣ ጭንቅላቱን ለኔ ተወው ብለሽ አጥንቱን ስትመጠምጪ ሾፌሩ ስቆብሽ ነበር። ሮዛም እንዳንቺው ነች፤ በሷ ግን ማንም አልሳቀም።

ሌላው ዓሣቸው እንደ ጣውላ የደረቀ ነው፤ የዓሣ ቋንጣ በይው። ውሃ ውስጥ ያሳድሩትና ከድንች ጋር ይቀቅሉታል። ጎመናቸውን እንደ ክር አቅጥነው ሾርባ ያደርጉታል። በርበሬ ከማዕዳቸው ላይ አላየሁም። ከሻንጣዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ለማኑኤል ሰጠሁት፤ እንባውን እየጠረገ ጨምርልኝ አለ። ወንድ ነው።

ነገሩ የከረረው በወይኑ ነው። ወይን ተክሉን ከግቢው በላይ እንደ ዳስ ዘርግቶታል፤ መጠጡንም ራሱ ይጠምቀዋል። አረንጓዴ ወይን ይሉታል፣ መልኩ ግን የቀይ ሥር ውሃ ነው። በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይጠጣል፤ ይኮመጥጣል፣ አረፋ አለው፣ ጉሽ ጠላ ይመስላል። ማኑኤል መጀመሪያ ለኔ ቀዳ፤ አንድ ጉንጭ ብቻ። ከዚያ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ፣ ሁሉም አፌን ያዩኛል። እኛ ቤት የሚቀምሰው የቀዳው ሰው ነው። አንቺ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሳትቀምሺ ለማንም ጠላ ሰጥተሽ አታውቂም። እዚህ ቀማሹ እንግዳው ሊሆን ነው። ንፍገቱም ድፍረቱም ገረመኝና፣ አንተ ቅመስ ብዬ ወደሱ ገፋሁት።

ሌንሳ ደነገጠች። አባዬ አታዋርደኝ፣ ክብር እኮ ነው፣ እንግዳው ካልወደደው ሌላ ይከፍታሉ አለችኝ። ንገሪው አልኳት። በኛ አገር የሚሰጥ ሰው ስለሚሰጠው ነገር በገዛ አፉ ይመሰክራል፣ ስለ መጠጡም ስለ ልጁም። ስለ ልጁ እስካሁን ማንም መጥቶ አልመሰከረልኝም። እንዳለ ንገሪው፣ እንዳትቀንሺ። ነገረችው። ማኑኤል አየኝ፣ ሳህኑን አነሳ፣ ጨለጠው፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞልቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ጥሩ ነው። ከዓሣው ጋር ለምን እንደሚጠጡትም ገባኝ፤ ኮምጣጣነቱ ስቡን ከአፍ ያጥበዋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሲወጡ ማኑኤል ወንድሙንና አንድ ጎረቤቱን አስከትሎ መጣ። ሦስቱም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ሌንሳን ጠይቀዋት መሆን አለበት። የራሷን ሽምግልና ራሷ አስተረጎመች፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ልጄ ቁጡ ነው አለ ማኑኤል፤ ግን አይዋሽም፣ ባሕር ላይም ጓደኛውን ጥሎ አይመለስም። ዘግይተናል፣ ልጅህን ስጠን።

እኔም ሽማግሌ ሲመጣ የሚባለውን አልኩ፤ ከእናቷ ጋር ተማክሬ መልስ እሰጣችኋለሁ።

ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሌንሳ ቀና ብላ አየችኝ። እንደሞትሽ ሰዎቹ ያውቃሉ። ላርመው አሰብኩና ተውኩት፤ የተናገርኩትን አልመልስም። እሷም አንድ ቃል ሳትለውጥ አስተረጎመችው። ማኑኤል ራሱን ነቀነቀ፣ እንጠብቃለን አለ። በር ላይ ዞሮ ነጋቲ አለኝ። በናንተ በኦሮምኛ መሰናበትን ማን እንዳስጠናው አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ይኸው፣ እያማከርኩሽ ነው። በልቼ አየኋቸው። ማዕዳቸው ንጹሕ ነው፣ አይሰስቱም፣ ሲነገራቸው ይሰማሉ። ያንን ባለ ብዙ እግሩን ይበላሉ፤ እሱን እግዜር ይያቸው። ልጅቷ ፊቷ በርቷል። እኔ እሺ ብያለሁ፣ የቀረው ያንቺ ነው። በዕድሜሽ ሙሉ ያልተስማማሽ ቀን ቤቱን ታናጊው ነበር፤ ስትስማሚ ዝም ነበር የምትይው። መምህር በቀለን መቃብርሽ ድረስ ይዤው እመጣና ይህን ያነብልሻል። ዝም ካልሽ፣ እሺታሽን ይዤ ለማኑኤል አስደውላለሁ።

ስመርቃቸውም እኔና ጌጤ ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚህ ቤት ምርቃት እስከወጣ ድረስ ካንቺ ስም ተነጥሎ አይወጣም።

ባልሽ ታደሰ፣ ከአዳማ።