ከጸጉርሽ የታሰረችው ዝንብ

ውድ ዴርቭላ፣

ይህ ደብዳቤ አርባ አንድ ዓመት ዘግይቷል። ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አጎቴ ማላኪ በክረምቱ አረፈ። ሚስቱ ምጥ ይዟት እያለ “ትራውት ዓሣው እየበላ ነው፣ መጣሁ” ብሎ ወደ ወንዝ የወረደው ማላኪ። ቀብሩ ላይ እህትሽን አገኘኋትና ባልሽን ከቀበርሽ ሦስት ዓመት እንደሆነሽ፣ ወደ እናትሽ ቤት እንደተመለስሽም ነገረችኝ። ስለዚህ ልናዘዝ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት በፋሲካ ከቀይ ጸጉርሽ ትንሽ ስጪኝ ብዬ ለመንኩሽ። ጆሮሽ ድረስ ቀልተሽ ቆርጠሽ ሰጠሽኝ። ግን በእኛ አጥቢያ አንድ ወንድ የሴት ጸጉር በኪሱ ይዞ ቢገኝ እስከ ቀብሩ ይሳቅበታል። ባርኔጣው ላይ በሰካት፣ ዓሣ ለማታለል መንጠቆ ላይ በምትታሰር ሰው ሠራሽ ዝንብ ግን ማንም አይስቅም። እናም ጸጉርሽን በክር መንጠቆ ላይ ጠምጥሜ ዝንብ አስመሰልኩትና ባርኔጣዬ ላይ ሰካሁት።

“ይቺ ቀይ ከምንድን ነው የታሰረችው?” አለኝ ማላኪ።

“ከቀበሮ ጸጉር ነው፣ አጎቴ።”

ለክብሬ ስል ቀበሮ አደረግኩሽ።

በግንቦት አጋማሽ ብሮስና ከሚባለው ወንዝ ዳር ተቀመጥን። አንቺ ዳቦና ሻይ ይዘሻል፤ እኔ ደግሞ የጋብቻ ጥያቄ። ሦስት ሳምንት ተለማምጄዋለሁ፤ ለላማችን ሳይቀር ተናግሬዋለሁ፣ አልተቃወመችም። ፍርሃቴ እስኪበርድልኝ ትንሽ ላጥምድ አልኩ። ሦስት ዝንቦቼ አኻያው ላይ ተሰቅለው ቀሩ፤ ሁለቱን ሣሩ በላቸው፤ የመጨረሻዋ የገዛ ጆሮዬን ያዘች፣ አንቺም እየሳቅሽ ነቅለሽ ስታወጫት ከእጅሽ አምልጣ ወንዝ ገባች። ይኼኔ ያ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ዕድሜውን የፈጀበት ትራውት ከድልድዩ ሥር ብቅ አለ።

እጄ ወደ ባርኔጣዬ፣ ወደ ቀይዋ ዝንብ ሄደ። እምልልሻለሁ፣ እኔን አላስፈቀደኝም።

ትራውቱ ገና በመጀመሪያው ውርወራ ዋጣት። አንቺም ተነስተሽ ወደ ውኃው ቀረብሽ።

“ፊንታን፣ ያ ጸጉር የኔ አይደለም እንዴ?”

“ቆዪ።”

“የለመንከኝ ለዓሣ ነው?”

“ቆዪ አልኩሽ እኮ፣ አረም ውስጥ እየገባብኝ ነው።”

ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። አምስት ፓውንድ የሚመዝን ትራውት በመረቤ ይዤ ስዞር ብስክሌትሽ የለም። ዳቦው ግን ነበር። ይቅር በይኝ፣ በላሁት።

ዓሣውን መልሼ ለቀቅኩት፤ ማላኪ እስኪሞት ድረስ ይህን ይቅር አላለኝም። ደጃፍሽ ድረስ መጥቼ ጸጉርሽን የለመንኩሽ ለዓሣ እንዳልነበረ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ “ጸጉሯን ይዞ ይዞር ነበር” እንዳይሉኝ ፈርቼ ቀረሁ። በመስከረም ከጎልዌይ ከተማ የመጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም አገባሽ። ያቺን የተለማመድኳትን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላቀረብኩም። ላሟም ሞተች።

ዝንቧን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኚያታለሽ። ቀለሟ ትንሽ ደብዝዟል፤ ከእኔ ግን ትሻላለች። ጣትሽን ብትወጋሽም አትደንግጪ፤ የያዘችውን አልለቅም የምትለዋን የመንጠቆዋን ትንሽ ጥርስ በጉጠት ጨፍልቄባታለሁ። መሄድ የሚፈልገውን አትይዝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ትራውት የሚወዳቸው የግንቦት ዝንቦች ከውኃው ይወጣሉ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ነኝ፣ ያለ ማጥመጃ ዘንግ። ዳቦውን እኔ አመጣለሁ።

አሁን የምቆየው እኔ ነኝ።

ፊንታን