ብር ድልድይ ያላደረስኩሽ እሑድ

ለእናኑ፣ ለልጄ እናት፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አርባሽን አወጣን፣ ተዝካርሽን አወጣን፣ ሙት ዓመትሽንም ሁለት ጊዜ አሰብን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም። በሕይወት ሳለሽም ጽፌልሽ አላውቅም፤ እጄ የለመደው መሪ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም፣ ታውቂኛለሽ። ማህሌት ግን "ለእኔ የነገርከኝን ለእሷም ንገራት" አለችኝና ይኸው ከእሷ ደብተር ላይ ወረቀት ቀድጄ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ማህሌት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት በልጣሻለች፤ ስትቆጣ ግን እንዳንቺው ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ከጓሮ የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ጎረቤቶች ግን ጣፋጭ ነው ይላሉ። እኔ አልቀመስኩትም። የብርቱካን ኢንተርኔት ቤት ተዘግቶ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። አሁን ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ያኔ አንቺ ገጹ እስኪከፈት ግማሽ ሰዓት ትጠብቂው የነበረውን ነገር ልጆቹ እየሄዱ ይከፍቱታል። እኔ እንደ ድሮው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሰው እያመላለስኩ ነው።

የተነሣሁት ግን ስለ ጨዋታው ልጽፍልሽ ነው።

መጀመሪያ የነገርሽኝ ቀን ምሳ እየበላን ነበር። ለሒሳብ ተማሪዎችሽ እንቆቅልሽ ፍለጋ ብርቱካን ቤት ገብተሽ፣ በየአገሩ የተበታተኑ ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚጫወቱት ነገር አገኘሽ። አንዲት ካርታ ሠሪ ሴት ጠፍታለች ይባላል። ትታቸው ሄደች የተባሉ እንቆቅልሾች አንድ በአንድ ይወጣሉ። እንቆቅልሹ ሲፈታ የአንድ ቦታ ስም ይሆናል፤ ከዚያ ለቦታው የሚቀርበው ሰው በእግሩ ሄዶ የተባለውን ቆጥሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይልካል።

"ሴትዮዋ የምር ጠፍታለች?" ብዬ ጠየቅሁሽ።

"ኧረ የለችም፣ ተረት ናት። ቦታዎቹ ግን እውነት ናቸው" አልሽኝ።

"ታዲያ የሌለች ሴት ፍለጋ ምን ያንከራትታል?" ብዬ ሳቅሁ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጨዋታው ብዙ አልነገርሽኝም። ያን ጊዜ ሳቅሽን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ዝም ማለትሽን አላስተዋልኩም።

ከትምህርት ቤት ስትወጪ ብርቱካን ቤት ጎራ ማለት ልማድሽ ሆነ። ኖራ ከምትባል አየርላንድ ከምትኖር ጡረተኛ ነርስ ጋር ትጻጻፊ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ሌሎቹን ግን በስም እንኳ አላውቃቸውም። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ስታርሚ ጠርዙ ላይ ፊደልና ቁጥር ትጭሪያለሽ፤ ብቻሽን ፈገግ ትያለሽ። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ባለቤቱ በሌላ ነገር ፈገግ ስትል ሲያይ ምን እንደሚሰማው ልነግርሽ አልችልም። "ምን አገኘሽ?" ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ ያልቅ ነበር። አልጠየቅሁሽም።

አንድ ቅዳሜ ቡሬ መናኸሪያ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ የሥራ ጓደኛዬ ጌትነት በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። "መምህርትን ከላይ በኩል አየኋት። ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ናት፣ ሲሳሳቁ ነበር" አለኝ። ለነገር ብሎ አይደለም፣ እንደ ወሬ ነው ያለው። እኔ ግን ቡሬ እንደምትመጪ አላውቅም ነበር። ከእኔ መኪና ሳትሳፈሪ፣ በሌላ ሰው መኪና፣ እኔ ወዳለሁበት ከተማ መጥተሻል። ቤት ስገባ "ቡሬ ደርሼ መጣሁ፣ ለጨዋታው የሚቆጠር ደረጃ ነበር፣ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ አነሣኝ" ብለሽ ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ። የሚደበቅ ነገር ቢኖርሽ ትናገሪው ነበር? ይህን ዛሬ አስባለሁ። ያን ጊዜ ግን ቅናቱ ነቀዝ እንደገባበት ጎተራ ከውስጥ እየበላኝ፣ ከላይ ምንም ያልሆንኩ መስዬ እራቴን በላሁ።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛው ቋንቋ ነበር የተጻፈው፦ "የማይመነዘር ብር አለኝ፤ አሮጌ ዘበኛው ስንት ዓይን አለው?" ፈረንጆቹ አስተርጉመው ባንክ ሲሉ፣ ሳንቲም ሲሉ፣ የሙዚየም ዘበኛ ሲሉ ሳምንት ፈጅተው ነበር። አንቺ እንዳነበብሽው ገባሽ። የጎጃም ልጅ ቅኔ ይጠፋባታል? የማይመነዘረው ብር፣ ብር ወንዝ ነው። አሮጌው ዘበኛ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለው አሮጌ ድልድይ ነው፤ ዓይኖቹም ውኃው የሚያልፍባቸው ቅስቶች ናቸው። ዓለም ላይ ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ ለዚያ ድልድይ የምትቀርቢው አንቺ ነበርሽ። እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ካልተላከ ግን ያ ዙር ይዘጋል።

ዓርብ ዕለት ይህን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ አስረዳሽኝ። "በሌላ መኪና መሄድ እችላለሁ። ግን ከአንተ ጋር ብሄድ ደስ ይለኛል" አልሽኝ።

"እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠብቂኝ። በሦስት ሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ" አልኩሽ።

እጅሽን እጄ ላይ አደረግሽው። እናኑ፣ ያን ቃል ስሰጥሽ እንደማልመጣ አውቅ ነበር።

እሑድ ጧት ሰው ጭኜ ቡሬ ወረድኩ። ሰዉን አራገፍኩና መኪናውን ጥላ ሥር አቁሜ ሻይ ቤት ገባሁ። በሦስት ሰዓት ሻይ አዘዝኩ። በአራት ሰዓት ሌላ ሻይ አዘዝኩ። ጌትነት መጥቶ "ዛሬ አትመለስም እንዴ?" ሲለኝ "ሞተሩ ሞቆብኝ ነው" አልኩት። ጎን ለጎን ነበር ያቆምነው፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሰውዬው መኪናዬን አየት፣ እኔን አየት አደረገና ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ተነሥቼ ቁልፉን ያዝኩ። ብበር እደርስ ነበር። ደግሞ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ አንድ ነገር ያሸነፍኩ መሰለኝ። ማንን እንዳሸነፍኩ ግን አሁንም አላውቅም።

ቤት የገባሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዱካውን በሩ አጠገብ አድርገሽ ተቀምጠሽ ነበር። ለቅዳሴ የለበስሽውን ነጭ ቀሚስ አልቀየርሽም፣ ጫማሽንም አላወለቅሽም። ለፎቶው በእጅሽ የምትይዥው ወፍራም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስምሽን በትልቁ ጽፈሻል። ከሥሩ የእኔን ስም ጽፈሻል። አየሁት፤ ካየሁት በኋላም ዋሸሁሽ።

"መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸብኝ።"

ፊቴን ትንሽ አየሽው። "እንኳን ደህና ገባህ" አልሽኝ። "ምሳም አልበላህ ይሆናል።" ወረቀቱን አጥፈሽ አነሣሽና ምግብ አቀረብሽልኝ። እኔም በላሁ።

ከዚያ በኋላ ብርቱካን ቤት መሄድ እየተውሽ መጣሽ። ሰው "ሚስትህ ጭምት ናት" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። የምትፈልጊውን ነገር ትተሽ የምትኖሪ ሴት መሆንሽን እንደ ጸባይ ቆጠርኩልሽ።

ጉበትሽ ታሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ማህሌት ውኃ ልትገዛ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። "አሮጌው የብር ድልድይ ስንት ዓይን አለው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብርን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ድልድዩን ግን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። "እንጃ" አልኩሽ። ቀጥለሽ "ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር የለም?" አልሽኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "አይዞሽ፣ ትድኛለሽ" አልኩሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ "እሺ" አልሽ። በሳምንቱ አረፍሽ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲያጽናናኝ "አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ሳንነጋገር ኖርን" እያልኩ አለቀስኩ። እውነት ነው፣ አልተነጋገርንም። አረጋውያኑ "እንዲህ ያለ ትዳር የታደለ ነው" አሉ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። በጾሙ መግቢያ ማህሌት ፎቶሽን ፍለጋ ኢሜይልሽን በስልኳ ከፈተችው፤ የይለፍ ቃሉን አንቺው ነግረሻት ኖሯል። አጠገቤ ተቀምጣ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች ታነብልኝ ጀመር። ያን እሑድ ለቡድኑ በሙሉ የጻፍሽው መጣ። "ይቅርታ፣ መድረስ አልቻልኩም። የባለቤቴ መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ። እሱ ብዙ ደክሟል፣ የማንም ጥፋት አይደለም።"

ማህሌት "አየህ፣ ስለ አንተ ጽፋለች" ብላ ደስ አላት። እኔ "ይበቃናል፣ ዝጊው" አልኳት። አልሰማችኝም። ቀጥላ ከሁለት ቀን በኋላ ለኖራ ብቻ የጻፍሽውን ከፈተች። ስታነብ ድምጿ እየቀነሰ መጣ።

"ኖራ፣ ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ። መኪናው አልተበላሸም። ቀኑን ሙሉ ቡሬ ቆሞ ያዩት ሰዎች ነግረውኛል። ለምን እንዳደረገው አላውቅም። ጠይቄው እንዲዋሸኝ አልፈልግም። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል። እጠብቀዋለሁ።"

ማህሌት ቀና ብላ አየችኝ። "አባዬ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"ሆስፒታልም?"

"እዚያም።"

አምስት ዓመት ጠበቅሽኝ፣ እናኑ። ምግብ ስታቀርቢልኝ ትጠብቂኝ ነበር፤ ካልሲዬን ስታጥቢ፣ ደህና ዋልክ ወይ ስትዪኝ ትጠብቂኝ ነበር። እኔ የረሳሽው መስሎኝ ነበር። ያን እሑድ አንድ ቀን ብቻ በር ላይ ያስቀመጥኩሽ መስሎኝ ነበር።

ማህሌት ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ቦርሳዋን ይዛ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኋትም። ከአስፋልቱ ወርደን በእግራችን ሄድን። ድልድዩ ላይ ሣር በቅሏል፣ ላም የሚነዳ ሰው ተሻገረበት። ከታች ወንዙ ዳር ቆመን ቆጠርነው። ሦስት ዓይን አለው፤ አንደኛውን ደለል ሊደፍነው ደርሷል። ለዚህች ነው እናኑ፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር። በመኪና ሄደን ቆጥረን ለመመለስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

ማህሌት ድልድዩን ፎቶ አንሥታ ለኖራ ላከችላት። "የእናኑ ልጅ ነኝ፣ እናቴ አርፋለች፣ መልሱ ሦስት ነው" ብላ ጻፈች። ከሥሩ እኔ የነገርኳትን ጨመረችበት፦ መኪናው እንዳልተበላሸ፣ ባልየው ራሱ እንደተናገረ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ኖራ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም።

ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ጾምና ስግደት አዘዙኝ፤ እየፈጸምኩ ነው። ጌትነትንም አግኝቼ ያኔ የዋሸሁትን ነገርኩት። "አውቅ ነበር እኮ" አለኝ። ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር። ማወቃቸውን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይቅርታሽን በደብዳቤ መለመን ቀላል ነው፤ አትመልሺልኝምና። ስለዚህ የምችለውን ብቻ ቃል እገባልሻለሁ። ከእንግዲህ ሰው ስለ አንቺ ሲያነሣ "ጭምት ነበረች፣ ክፉ አልወጣትም" ብዬ አላልፍም። ባንክ ቤት ለባንክ ቤት ሲዞሩ የነበሩትን ሰዎች ከፍኖተ ሰላም ሆና መንገድ ያሳየቻቸው ሴት ነበረች እላለሁ። በየአገሩ የሚጠብቋት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት እላለሁ። ማህሌት ባል ስታገባም በሽማግሌ ፊት እናገረዋለሁ፣ ቢያሳፍረኝም። አንቺን ሳስታውስ ያን እሑድ ዘልዬ አላስታውስሽም።

ባለቤትሽ