ሁለት አጣናና አንድ የምስክር ወረቀት

ለከተማችን የጤናማ እርጅና አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አላህ ጤናዎን እንዲያበዛልዎት፣ ጉልበትዎን እንዲያጸናልዎት፣ ከወንበርም ሆነ ከአጣና ላይ ከመውደቅ እንዲጠብቅዎት ዱአዬ ነው። እኔ ዘሊካ ሰዒድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ መካነ ሰላም አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከአዲሱ አዳራሽዎ በላይ ባለው መንደር የምኖር የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ውለታዎ በዝቶብኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ስልጠናው አመሰግናለሁ። ዕድሜያችንን ሙሉ ዳገት ስንወጣ ቁልቁለት ስንወርድ ላረጀን ሰዎች፣ መራመድ ለጤና እንደሚበጅ ከደሴ ድረስ ባስመጡልን አሰልጣኝ መስማታችን ትልቅ ዕድል ነው። በአዳራሽዎ የሲሚንቶ ወለል ላይ በኖራ በተሰመረ መስመር ተራመድን፣ በአንድ እግርም ቆምን። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ወርቂቱማ አሰልጣኙ ቆጥሮ እስኪሰለቸው ድረስ በአንድ እግሯ ቆማ፣ «ሚዛን በመጠበቅ አንደኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ከእርስዎ እጅ ተቀበለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ቦዩ። ጎርፍ አዳራሹን እንዳይነካው ብለው በመንደራችን መውጫ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቦይ ማስቆፈርዎ አርቆ አሳቢነት ነው። ድልድይ እስኪሠራ ለጊዜው ተብለው የተጋደሙት ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎችም ይኸው ሁለተኛ ክረምታቸውን ይዘዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ማሰሪያ ሽቦው ተፈትቷል፤ እርስዎ በገበያው በኩል በመኪና ስለሚመጡ ላያዩት ይችላሉ።

ሦስተኛው ነገር የእኛው ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወርቂቱ የምስክር ወረቀቷን በብብቷ ሸጉጣ ስትመለስ፣ አጣናው መሐል ላይ ሰማንያን ካለፉት ከእትዬ ሱሀይላ ጋር ተገናኘች። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ታላቅን በአንድ እጅ ሰላም ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ ምርኩዟን ለቀቀችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ይህን አሰልጣኙ አላለማመዳትም። እሷ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ እትዬ ሱሀይላም «አብሽሪ» እያሉ ምርኩዛቸውን ሊያቀብሏት ሲያጎነብሱ ተከተሏት። እኛ ስንደርስ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቀምጠው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠያየቁ ነበር፤ ሰላምታው ገና አላለቀም ነበርና። አልዋሽዎትም፣ ያን ቀን ስቄያለሁ።

አሁን ግን አልስቅም። የወርቂቱ ክንድ ከተሰበረበት ድኗል፤ ልቧ ግን እንደፈራ ቀረ። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ከኋላዋ የምታስሮጠኝ ሴት፣ አራት ወር ሙሉ ከደጃፏ አልፋ አታውቅም፤ ከመደብ ስትነሳ እንኳ ግድግዳ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት የመንደሩ እድር ቅሬያችን አንዲት የዕድሜ እኩያችንን ሲቀብር፣ ማንንም ቀብር ቀርታ የማታውቀው ወርቂቱ በር ላይ ቆማ ብቻዋን አለቀሰች። ይህ አንጀቴን በልቶታል። አሰልጣኝዎ እንዳለው ያልተንቀሳቀሰ እግር ይዝላል፤ ጓደኛዬም ዓይኔ እያየ እየዛለችብኝ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ሌላ ስልጠና አይደለም። እጅ መደገፊያ ያለው፣ ሁለት አሮጊቶች ቆመው ሰላም ለመባባል የሚበቃ ስፋት ያለው አንድ ድልድይ ነው። እሱ ከተሠራ ወርቂቱን እጇን ይዤ የማወጣት እኔ ነኝ።

ለአዳራሽዎ ወለል ልስላሴና ለቦይዎ ጥልቀት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በአንድ እጄ ብዕር በሌላው ምርኩዝ እንደያዝኩ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ዘሊካ ሰዒድ

ማስታወሻ፦ በመጪው ቅዳሜ ወርቂቱን ሊጠይቋት ቢመጡ ደስ ይለናል። ታላቅ ይቅደም በሚለው ወጋችን መሠረት፣ በዕድሜ ባይሆን በወንበር ታላቃችን ነዎትና አጣናው ላይ የሚቀድሙት እርስዎ ነዎት። እኔና እትዬ ሱሀይላ መሐል ድረስ መጥተን እንቀበልዎታለን፤ አደራዎን፣ ሰላም ሲሉን በሁለት እጅዎ ይሁን።