ከጉብታው ማዶ፦ የአቶ ሰይፈሥላሴ ማኑሄ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰይፈሥላሴ ማኑሄ ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓይናዲስ ጥሩነህ ጥቅምት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በዓሰብ ወደብ ሥራ በማግኘታቸው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ወረደ። ፊደል የቆጠሩትም፣ ዋና የተማሩትም፣ ከዓይናቸው አሸዋ ማራገፍ የለመዱትም በዓሰብ ነው። ኋላም አዲስ አበባ በተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የአውቶ መካኒክ ሙያ ተምረው ተመረቁና ወደ ዓሰብ ተመልሰው ከባድ መኪና ማሽከርከር ጀመሩ።

በ1971 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጥተው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ገቡ። ቶተንሃም ተቀምጠው ለሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ሮጦ የሚመጣ ተሳፋሪ አይተው ጥለው ሄደው አያውቁም። በዚህም የተነሳ በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም፤ አለቆቻቸው በደብዳቤ፣ ተሳፋሪዎቻቸው በምርቃት ሸኝተዋቸዋል።

በ1977 ዓ.ም. ክላፋም ወደሚገኘው የአጎታችን ቤት ሽማግሌ ልከው እኅቴን ወ/ሮ እታፈራሁን አግብተዋል። ይህን የምጽፈው እኔ ሳዶቅ የወ/ሮ እታፈራሁ ታናሽ ወንድም ነኝ። አማች በአማች ላይ ማሾፍ ወግ ነውና ዛሬም ባሾፍ ጋሼ ይቅር ይሉኛል። ሶልያናንና ኖላዊን ወልደው፣ አስተምረውና ድረው የልጅ ልጃቸውን ፋናን ለማየት በቅተዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስላልሆነላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የኪራይ አውቶቡስ ይነዱ ጀመር። በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. ከዌምብሊ አንድ የጎልፍ ማኅበር ጭነው ወደ ኬንት የባሕር ዳርቻ ወሰዱ። የጋሼ ሕይወት ሁለተኛ ምዕራፍ የተከፈተው ያን ዕለት ነው።

ቦታው ሲያዩት ምንም አይደለም። ዛፍ የለው፣ አበባ የለው፤ የእንጨት ቤት፣ አጭር ሣር፣ የአሸዋ ጉብታና ቆብ የሚነጥቅ ነፋስ ብቻ ነው። በለንደን መናፈሻዎች የለመደ ዓይን ጠፍ መሬት ነው ብሎ ያልፈዋል። ጋሼ ግን ከአውቶቡሱ ወርደው አየሩን ሲስቡ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ማታ ቤት ገብተው ለእኅቴ የነገሯት አንድ ነገር ነው፦ «የዓሰብን ነፋስ ያለ ሙቀቱ አገኘሁት።» ያንን ሜዳ እግዜር ሠርቶታል፣ ሰው ያጨደው ብቻ ነው ይሉ ነበር። በትክክል የተመታች ኳስ መሬቱ ላይ ነጥራ ጉድጓድ ትገባለች፤ የተበላሸችው ደግሞ ጉብታ ገጭታ ትድናለች። ይህን ፍርድ ይወዱት ነበር።

ያን ቀን አንድ ሰው ጎድሎ ኖሮ ሚስተር ዊልፍሬድ የተባሉ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ዱላ አውሰው አብረዋቸው እንዲጫወቱ ጋበዟቸው። በጎልፍ ሕግ ኳሱ ከጉድጓዱ የራቀበት ሰው ቀድሞ ይመታል። የራቀው የጋሼ ኳስ ነበር። ጋሼ ግን ታላቅ ቆሞ እያየ እንዴት እቀድማለሁ ብለው ዱላቸውን አቀፉ። ሚስተር ዊልፍሬድ ሕጉን አስረዱ፤ ጋሼም እጅ ነሥተው «እርስዎ ይቅደሙ» አሉ። ሁለቱ ሲግደረደሩ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ዐሥራ ሁለት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ሚስተር ዊልፍሬድ ቀድመው መቱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ወዳጅነታቸው በዚሁ ስምምነት ጸና።

በዚያ ሜዳ ሰባተኛው ጉድጓድ አይታይም። መምቻው ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያየው ቤት የሚያህል የአሸዋ ጉብታ ነው። ከማዶ በእንጨት ላይ የነሐስ ደወል ተሰቅሏል። ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ይደውለዋል፤ እኛ ተሻግረናል፣ መንገዱ ነጻ ነው፣ በሰላም ተከተሉን ማለት ነው። ጋሼ ያንን ጉብታ በአንድ ምት ማሻገር አልቻሉም። ኳሳቸው ሁልጊዜ አሸዋው ውስጥ ትቀበራለች። እኅቴ ይህን ስትሰማ «ያሻገርክ ዕለት በግ አሳርዳለሁ» ብላ ቃል ገባች። በጉም ዐሥራ ሁለት ዓመት በሰላም ኖረ።

በ2016 ዓ.ም. ልባቸው ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሐኪማቸውም ጎልፉን እንዲያቆሙ ነገሯቸው። ጋሼ በሕይወታቸው ስለራሳቸው አጥብቀው ሲለምኑ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። አንድ ኳስ፣ አንድ ምት፣ ከዚያ በቃኝ አሉ። ሐኪሙም ፈቀዱ፤ እኅቴ ግን አብራ ካልሄደች አልፈቀደችም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሽማግሌ ኳስ ሲያሳድድ አላይም» ስትል የነበረችው ሴት መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነጠላዋን አጣፍታ ያን ነፋስ ገጠመችው።

ጋሼና ሚስተር ዊልፍሬድ መምቻው ላይ ቆሙ። እኅቴ በጎን ባለው መንገድ ዞራ ማዶ ሄደች። ጋሼ መቱ። ኳሷ ከጉብታው አናት በላይ ጠፋች፤ ማዶ ትውደቅ፣ አሸዋ ትግባ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ ዱላውን ተደግፈው ጠበቁ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፤ በላዩም እልልታ ተከተለ።

ማንም ሳይሻገር ደወል መደወል በዚያ ሜዳ ነውር ነው። ሚስተር ዊልፍሬድ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ተራ የሚጠብቁትም አጨበጨቡ። ጋሼ አለቀሱ። በጉ በመስቀል ማግስት ታረደ። እኅቴ ኳሷን በእግሯ ገፍታለች ብዬ ሳማት ከርሜአለሁ፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን እውነቱን ልናገር፦ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሻገሯት።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሕመማቸው አገርሽቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ እታፈራሁ፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸውና እዚህ የተገኘነው ሁሉ አዝነናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠንም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ዛሬ ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም በዚያ የባሕር ዳርቻ ደወሉ ይደወላል። የሚደውሉት አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሚስተር ዊልፍሬድ ናቸው። ይህንንም ራሳቸው በስልክ ነግረውናል። ጋሼ ከታላቅ ፊት ቀድመው የሄዱት በዕድሜያቸው ሙሉ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የሚሮጥ ሳይጥሉ እንደኖሩ እርሳቸውንም ደጅ ቆሞ ይቀበላቸው። አሜን።