ልክ የማይሆነው ሹራብ

ነጂዬ፣

ቆቦ የመጣሁት ለሦስት ቀን ነበር፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሆነኝ። ያስቀረኝ ሹራብ ነው። የወንድሜ አማት እማማ ሲቲ የደሴን የኅዳር ብርድ አስበው አዘኑልኝና "ሹራብ ሳልሠራልሽ አልሸኝሽም" አሉ። በዚህ ሙቀት ላባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ፣ ቀይ የሱፍ ክር ታቅፈው ሲሠሩ ይውላሉ።

ችግሩ፣ መርፌውን ባስቀመጡ ቁጥር ያበሉኛል። አዲስ የተወቃው ማሽላ ገንፎ ሆኖ፣ መሀሉ ቅቤ ተሞልቶ ይመጣል። "በቃኝ" ስል "በሞቴ" ይላሉ። ከዚያ ሹራቡን ሲለኩብኝ ይጠበኛል፤ ተርትረው ያሰፉታል። አብዝተው ስለሚያሰፉት በማግስቱ ይሰፋኛል። ያኔ "ከስተሻል" ብለው ፍየል ያሳርዳሉ። እኛ ቤት የጠበበ ሹራብ ለታናሽ ይተላለፋል፤ እዚህ ጥፋተኛው ክሩ ነው።

ትናንት ግን ልክ ሆነልኝ። ሰኞ ሥራ መግባት ስላለብኝ ትንፋሼን ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እማማ ሲቲ ዙሪያዬን ዞረው አዩኝና "እስቲ ተንፍሺ ልጄ" አሉ። ተነፈስኩ። የክሩን ጫፍ ፈልገው መዘዙት።

የፖስት ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ። ለአለቃዬ ታማለች በይልኝ አልልሽም፤ ሲያየኝ አያምንም። እማማ ሲቲ ላንቺም ሊሠሩልሽ ስለሆነ ቁመትሽን ላኪ። "ወርዷን ተዪው፤ ስትመጣ እኛ እንወስናለን" ብለዋል።

ያንቺው ኢቅራ