ጉበቱስ?

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ጋራዡ ውስጥ፣ ቢላ የምትስልበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ቦት ጫማዬ ረጥቧል፤ እጄን ሁለቴ ታጥቤም ደም ደም ይላል። እማዬ በበሩ ብቅ እያለች "ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ" ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላታለሁ፣ ግን አልገባም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ድሮ ያስቁኝ ነበር። አሁን ግን የዛሬውን ነገር ካንተ ሌላ ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

ትምህርቱን ልጀምር ነው ያልኩህን ቀን መቼም አትረሳውም። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበላን ነበር። "የፓቶሎጂስት ረዳት ማለት ደግሞ ምንድን ነው?" አልከኝ። ከሰው ሰውነት ተቆርጦ የወጣውን እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ያየሁትን እናገራለሁ አልኩህ፤ በሽታው ይህ ነው ብሎ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። ዳቦህን መረቁ ውስጥ ነክረህ ጎረስክና "ሥጋ መቁረጥ ለመማር ማስተርስ? እኔ በነጻ አስተምሬሽ የለ እንዴ" አልክ። እማዬ ሳቀች፤ እኔ ተናድጄ ሳህኔን ገፋሁ። በማግስቱ ጓደኛህ ሃርላን ቤት ሄደህ "ልጄ ሐኪሞች ምን አየሽ ብለው የሚጠይቋት ሰው ልትሆን ነው" እያልክ ስትኩራራ መዋልህን የሰማሁት ግን ቀብርህ ላይ ነው። ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ደግሞም እውነትህን ነበር። ቢላ አያያዝ የተማርኩት ካንተ ነው። በየኅዳሩ ያደንከውን አጋዘን እዚህ ማገር ላይ ሰቅለህ "አትጫኚው፣ ቢላው መንገዱን ያውቃል" ትለኝ ነበር። ጉበቱ የታመመ አጋዘን ስለማይበላ፣ ሆዱ ተከፍቶ ሳያልቅ ከኋላዬ ሆነህ "ጉበቱስ?" ትላለህ። እኔ አውጥቼ ወደ አምፖሉ ከፍ አደርገዋለሁ፣ አገላብጬ አየዋለሁ፣ ጠርዙን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። "ንጹሕ ነው" ስልህ ብቻ ያንን ብርቱካናማ ኮፍያህን አውልቀህ ሚስማሩ ላይ ትሰቅላለህ፣ ቡናህንም ትቀዳለህ። አንድ ዓመት ግን ጉበቱ ላይ ነጫጭ ነገር አየሁ። ልጅ ነበርኩና ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ እጄን ሱሪዬ ላይ መጥረግ ብቻ ያዝኩ። አየኸኝና ገባህ። ማቀዝቀዣችን ባዶ ሆኖ ሳለ ያን ሁሉ ሥጋ ከጓሮ ቆፍረህ ቀበርከው፤ እኔንም ምንም አላልከኝ።

ሆስፒታል ወርጄ በተግባር መማር ስጀምር ያሠለጠኑኝ ወይዘሮ ቨርና ናቸው። ቀብርህ ላይ ትልቅ ሳህን ማካሮኒ ይዘው የመጡት አጭሯ ሴትዮ። ቁራጭ እየቆረጡ፣ ከራሳቸው በላይ ወደተሰቀለው ማይክራፎን የሚያዩትን ይናገራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሐሞት ከረጢት ይዤ "ጤነኛ ነው" ብዬ ብናገር፣ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩኝ "ጠይቀሽው ነው?" አሉኝ። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጤነኛ የለም፣ ካንሰር የለም። ነጭ በይ፣ ጠንካራ በይ፣ ጠርዙ አይለይም በይ። ስም የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነው።" ሌላም ሕግ ነበራቸው። ናሙናው ሳይነካ በፊት ዕቃው ላይ ያለው ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የምታውቂው ሰው ከሆነ ቢላውን አስቀምጠሽ ትወጫለሽ። ይሄኛው ሕግ ለኔ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር።

በዚያው ጊዜ አንተ ሆድህን ታመምክ፤ እዚያው ሆስፒታል የሚደረግልህ ቀዶ ሕክምና የሚቀጥለው ሳምንት ነው ብላችሁኝ ነበር። ቦታ ተገኝቶ መቅደሙን የነገረኝ የለም። "ፈተና ላይ ናት፣ አታስጨንቂያት" ብለህ እማዬን ዝም አሰኘሃት። እኔም እንደማንኛውም ቀን ጓንቴን አጥልቄ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወረደውን ትንሽ ዕቃ አንስቼ ስሙን አነበብኩ። "ኮጋር፣ ዴንዚል።"

"ድገሚው" አሉ ወይዘሮ ቨርና።

ፊቴን አዩና "ያንቺ ሰው ነው?" አሉኝ።

"አባቴ ነው።"

"በይ ቢላውን አስቀምጪና ውጪ።"

ቢላውን አስቀመጥኩ። ግን አልወጣሁም። ወደ እጅ መታጠቢያው ዞሬ፣ ቧንቧውን ይዤ ቆምኩ። አንተ ፎቅ ላይ ሆድህ ተከፍቶ ሐኪሙ መልስ እየጠበቀ ስለነበር እሳቸውም ሊያባብሉኝ ጊዜ አልነበራቸውም። ከኋላዬ ማይክራፎኑ ሲከፈት ሰማሁ። "ጉበት፣ ትንሽ ቁራጭ" አሉ። ቀጥለው "እብጠት አለው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያም ሆኖ ሰማኋቸው። ነጭ። ጠንካራ። ጠርዙ አይለይም።

ሲጨርሱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ሼልቢ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም። ሐኪሙ ሳይነግረው አባትሽ ካንቺ ከሰማ ከትምህርቱ ያባርሩሻል፤ እኔም ላድንሽ አልችልም። ደግሞም በማይክሮስኮፕ ገና አልታየም፤ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።" እሺ አልኳቸው። ሁለታችንም ግን አውቀን ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጠይቅህ መጣሁ። ፊትህ አመድ መስሏል። እማዬ ቡና ልታመጣ ስትወጣ ጠብቀህ "እንደ ጃኬት ዚፕ ነው የሰፉኝ፣ ማየት ትፈልጊያለሽ?" አልከኝ። አልፈልግም አልኩህ። የቀረበልህን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ፣ ጄሊውን፣ በማንኪያ እየነካካህ ቆየህና "ትናንት እታች ነበርሽ አይደል?" አልክ።

"ነበርኩ።"

አሁን ሌላ ነገር ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሐኪሙ ምን አለ፣ ዕድሜ አለኝ ወይ፣ እንደዚያ ያለ ነገር። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንተ ግን ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ፣ ልክ እዚህ ጋራዥ ውስጥ እንደምትጠይቀኝ አድርገህ "ጉበቱስ?" አልከኝ።

አባዬ፣ በጉበት ዋሽቼህ አላውቅም። ንጹሕ ነው ልልህ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። እውነቱን ብናገር ደግሞ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ፤ አንተም ከእንጀራዬ እንዳፈናቀልከኝ እያሰብክ ልትሞት ነው። "ሐኪሙ ነገ ጠዋት ይመጣል" አልኩህ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ፊቴን ትተህ እጄን ነበር የምታየው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። ምንም ያልነካውን ንጹሕ እጄን ሱሪዬ ላይ እየጠረግኩ ነበር።

"እሺ" አልክ። ማንኪያውን አስቀምጠህ "ለእናትሽ ሐኪሙ ይንገራት። አንቺ ምንም አላልሽም፣ እኔም ምንም አልጠየቅኩሽም። ትምህርትሽን ጨርሺ" አልክ። ከዚያ ሳህኑን ወደኔ ገፋህና "ይሄን ነገር ብዪልኝ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል" አልከኝ። እማዬ ስትመለስ ጄሊውን እየበላሁ ነበር፤ "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" ብትለኝ "መጥፎ ነው" አልኳት።

ግንቦት ላይ እስክትሞት ድረስ ዳግመኛ አንስተኸው አታውቅም። እኔ ግን ተቀይሜህ ነበር። ልንገርህ፣ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ዶክተር ሞልቶ ሳለ ለምን እኔን ጠየቅከኝ? አንዳንድ ቀን ሳስበው ታምን የነበረው የኔን ዓይን ስለሆነ ነው እላለሁ፣ ደስም ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያንን ጥያቄ ባልሰማው እመርጥ ነበር። ናፍቆቱ ግን ከሁሉም ይብሳል።

ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከመጪው ጥር ጀምሮ እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀጥረውኛል። ወይዘሮ ቨርና ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ማይክራፎኑን ለኔ ቁመት ዝቅ አድርገው አሰሩት፣ ከኔ አጥረው ሳሉ ለራሳቸው ግን አንድ ቀን አላስወረዱትም። ስቄባቸው ሳበቃ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ሃርላን በፒካፑ አጋዘን ጭኖ መጣ። "ዴንዚል የለም ብዬ በሌላ ሰው አላስገፍፍም" አለኝ። ያንተው ማገር ላይ ሰቀልነው። ቢላህን ሳልኩ፣ ሳልጫነው ከፈትኩት። ጉበቱን አውጥቼ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረግኩት፣ አገላብጬ አየሁት፣ ጠርዙን ዳሰስኩት። ሃርላን ስለ ፒካፑ ጎማ እያወራ ነበር። እኔ ጉበቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። "ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ በመጨረሻ። ምንም አልኩት። ድርሻውን ይዞ ሄደ።

እዚህ ቁጭ ብዬ እስካሁን የጠበቅኩት ያው ነው። ኮፍያህ ሚስማሩ ላይ ነው፣ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ንጹሕ ነው፣ አባዬ።

በነጻ ያስተማርካት ልጅህ፣
ሼልቢ